የእማማ ማሬ በርበሬ

ዓይናዲስ መንግስቱ ዶሮ ወጥ ብቻዋን አትሠራም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ለሠርግ የሚታዘዘውን ቀይ ወጥ እንኳ ብቻዋን ትሠራለች፤ ደብረ ማርቆስ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችው ትንሽ ምግብ ቤቷ የቆመችው በእሷ እጅ ነው። ዶሮ ሲሆን ግን ጎረቤት ትጠራለች። በርጩማ ታወጣና «እባክህ እዚህ ቁጭ በልልኝ፤ ሥራ አላዝህም» ትላለች። ብዙ ጊዜ የምትጠራው እኔን ነው። ግድግዳ እንጋራለን፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩም ቁልፍ የሚተከልለትን፣ ጠርዙ የሚዘመዘመውን ይዤ መሄድ እችላለሁ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ፈልጋ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን አታጫውተኝም። በመሀል ዞር ብላ መኖሬን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

ምክንያቱን የነገረችኝ ከረጅም ጉርብትና በኋላ ነው። ስትነግረኝም ከአንድ ጊዜ በቀር ሽንኩርቱን ማማሰሏን አላቋረጠችም።

የተወለደችው ከማርቆስ ብዙ በማይርቀው አምበር ከተማ ነው። ከአጥራቸው ማዶ እማማ ማሬ የሚባሉ፣ ባላቸው በወጣትነታቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሽታዬ የምትባል አንድ ልጅ ብቻ አለቻቸው። ሽታዬና ዓይናዲስ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ትምህርት ቤት ገቡ፣ አብረው ፈተና ወደቁ። እማማ ማሬ የሚተዳደሩት ለሰው በርበሬ በማዘጋጀት ነበር። ከጉንደ ወይን ድረስ እየመጡ የሚያዝዟቸው ነበሩ። በርበሬው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ግቢው በሙሉ ይቀላል፤ ሁለቱ ልጆች ዶሮ እያባረሩ፣ እያስነጠሱ አደጉ። «ልጅነቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእማማ ማሬ ጩኸት ነው» አለችኝ ዓይናዲስ። «‹እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን እንዳትነኩ!› የሚሉት።»

ቤይሩት የሄዱት አብረው ነው። እድላዊት የምትባል የአምበር ልጅ ቀድማቸው ሄዳ ነበር። ኮንትራቷን ጨርሳ፣ ቤት ተከራይታ እየተመላለሰች የምትሠራ፣ ከእሷ በኋላ ለመጡት ሁሉ እንደ ታላቅ እህት የሆነች ሴት ናት። ዓይናዲስ የተቀጠረችው አንዲት አሮጊት ለመጦር ነው። አሮጊቷን የቤቱ ሰው ሁሉ «ቴታ» ይላቸዋል፤ በእነሱ አገር አያት ማለት ነው። የቴታ እግር አይሄድም፣ አእምሯቸውም አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይሄዳል፤ ግን ደግ ነበሩ። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር አንድ ቀን ይውላል። ሽታዬ የገባችው እዚያው ሰፈር፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ ቤት ነው። እዚያ ቤት ሠራተኛ ስልክ መያዝ አይፈቀድላትም። የምትወጣው እሁድ ብቻ ነው፤ እሱም በልመና።

ስለዚህ እናትና ልጅ የሚገናኙት በዓይናዲስ ስልክ ነበር። እሁድ ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እማማ ማሬ ከአምበር ሚስኮል ያደርጋሉ። ዓይናዲስ መልሳ ትደውላለች፣ መጀመሪያ እሷ ሰላምታ ትሰጥና ስልኩን ለሽታዬ ታቀብላለች። ሽታዬ ከእናቷ ጋር ስታወራ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ትስቃለች፣ ታሽሟጥጣለች፣ እንደ ሕፃን ትሞላቀቃለች።

የመጨረሻው ዓመት ሆሳዕና ዕለት ሁለቱም ቅዳሴ አስቀደሱ። ዘንባባውን ቀለበት ሠርተው በጣታቸው አጥልቀዋል። ከቅዳሴው በኋላ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሰው ጸሎቱ የሚደርሰው አስቀድሞ በሆሳዕና ነው። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ቆሞ ይሰማል። ሽታዬ ሥራ በዝቶባት ስለሰነበተች ነጠላዋን እንደተከናነበች ታዛጋ ነበር። ዓይናዲስ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሽታዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ እድላዊት ቤት ሄዱ። ዓይናዲስ የሽታዬን ጸጉር መጎንጎን ጀመረች፤ በአንድ ወገን ያለውን እንደጨረሰች የመመለሻ ሰዓት ደረሰ።

«የቀረውን ለፋሲካ ትጨርሺልኛለሽ» አለች ሽታዬ። ሻሿን አሰረችና ደረጃውን ሮጣ ወረደች።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት አልነቃችም።

አሠሪዎቿ «ልቧ ቆመ» ነው ያሉት። ሐኪሙም ይህንኑ አለ። እድላዊት ያልጠየቀችው ሰው የለም፤ ከዚያ የተለየ መልስ ግን አላገኘችም። ሬሳዋን አይቶ ማንነቷን የሚያረጋግጥ ሰው ሲፈለግ ዓይናዲስና እድላዊት ሆስፒታል ሄዱ። አንሶላው ሲገለጥ ዓይናዲስ መጀመሪያ ያየችው ፊቷን አይደለም፤ ጸጉሯን ነው። በአንድ ወገን የተጎነጎነ፣ በሌላው ወገን የተበተነ።

«እሷ ናት» አለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደተናገረች አታስታውስም።

እድላዊት ደብረ ማርቆስ ለሚኖረው ለሽታዬ አጎት ደወለች። ደምለው ይባላል፤ የእማማ ማሬ ታናሽ ወንድም፣ አናጺ ነው። ስልኩን እንደያዘ አለቀሰ። ሲረጋጋ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረ።

«በሕማማት እህቴን አላረዳትም። ፋሲካውም ይለፍ። ጾሟን ትፍታ፣ እህል ትቅመስ፣ ከዚያ። ዓይናዲስ አጠገብሽ ናት? ስጭኝ።»

ዓይናዲስ ስልኩን ተቀበለች።

«ስሚኝ እህቴ፣ ማሬ በፋሲካ መደወሏ አይቀርም። ካላነሳሽላት የዚያኑ ቀን ትጠረጥራለች። በዓመት በዓል፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን ሆና። አንሺላት። የሆነ ነገር በያት።»

«ምን ልበላቸው ጋሼ ደምለው?»

«እኔ እንጃ» አለ ደምለው። ከዚያ «ደህና ናት በያት» አለ።

ስቅለት ዕለት፣ ስግደቱ አልቆ ምእመኑ ሲወጣ፣ ለዕረፍት አገር ቤት ሄዳ በዚያው ሳምንት የተመለሰች አንዲት የደምበጫ ልጅ ዓይናዲስን ፈልጋ መጣች። በላስቲክ ተጠቅልሎ ጨርቅ የተሰፋለት ጥቅል ይዛለች።

«የሽታዬ ጓደኛ አንቺ ነሽ አይደል? እናቷ አምበር መንገድ ላይ ጠብቀው ይህን ሰጡኝ። የፋሲካ በርበሬ ነው። ‹አብራችሁ ብሉት› ብለዋል።»

ልጅቷ የሽታዬን ሞት አልሰማችም። ዓይናዲስ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለቻት። ጥቅሉን ደረቷ ላይ ይዛ ስትሄድ በርበሬው በሰፌዱ ላይ ሲነፋ የምታውቀው ሽታ በጨርቁ አልፎ ይመጣባት ነበር።

የፋሲካ ዕለት አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን ይዘው ተራራ ላይ ያለ ዘመዳቸው ቤት ለምሳ ወጡ። ዓይናዲስ ከቴታ ጋር ቀረች። ማዳሟ ልትወጣ ስትል ዶሮ አውጥታ ሰጠቻትና «በዓልሽ ነው፤ የምትወጂውን ሥሪ። መስኮቱን መክፈት ብቻ አትርሺ» አለቻት።

ልትሠራ አላሰበችም ነበር። ጥቅሉን አልጋዋ ሥር ደብቃው ነው ያደረችው። ግን እማማ ማሬ እንደሚደውሉ ታውቃለች፤ «ሠራችሁበት?» እንደሚሉም ታውቃለች። «ስለ ልጃቸው መዋሸቴ ካልቀረ፣ ስለ በርበሬያቸው እንኳ አልዋሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ተነሳችና ስፌቱን በመቀስ ተረተረችው።

በርበሬው ደህና ነው፤ ገና ሲከፈት አስነጠሳት። ከሥሩ በቆርቆሮ የታሸገ ቅቤ አለ። ቅቤው መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ሸተት ብሏል። በኮረሪማ እንደገና አነጠረችው። ሽንኩርቱን አደቀቀች፣ ዶሮውን በየብልቱ አወጣች፣ በሎሚና በጨው አጠበች። የማዳሟ ድስት ስስ ስለሆነ ቁሌቱ ቶሎ ይይዛል፤ ከላዩ ዞር ማለት አይቻልም። ሽንኩርቱ በቅቶ በርበሬው ሲገባ ቤቱ አምበር ሆነ። በደስታ ጊዜ ቢሆን እልል ትል ነበር። ያን ጊዜ ግን ጀርባዋን ቀዘቀዛት።

ሽታዬ ልጅ ሆና ወጥ ሲሠራ በሩ ላይ ተደግፋ ትቆማለች። አትገባም፣ አትወጣም፤ ቀድማ ለመቅመስ ነው የምትቆመው። ዓይናዲስ አሁን ከኋላዋ፣ በሩ ላይ፣ የተደገፈ ሰው ያለ ይመስላታል። ዞራ አላየችም። «ማየት ነው የፈራሁት ወይስ አለማየት አላውቅም» ትላለች። የቤቱ ፍሪጅ በድንገት ማጉረምረም ጀመረ። ሽታዬ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ባንዱ ሕንፃ ምድር ቤት፣ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ተኝታለች። ዓይናዲስ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው።

ሚስኮሉ የገባው እንቁላሉን እየላጠች ሳለ ነው። እጇን ታጠበችና መልሳ ደወለች።

«እንኳን አደረሰዎት እማማ ማሬ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ! በርበሬው ደረሰ?»

«ደርሷል። አሁን ድስት ላይ ነው።»

«እሰይ! አደራ ቁሌቱን አትቸኩሉበት። የቸኮላችሁ እንደሆነ ጥሬ ጥሬ ይላል።»

«እሺ እማማ።»

«ሽታዬስ? አለች?»

«አለች» አለች ዓይናዲስ።

«ደህና ናት» ለማለት ተዘጋጅታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ይህ ቃል ነው። ቃሉን ሰምታ ራሷ ደነገጠች፤ ቤት ውስጥ አለች ማለትም ነው፣ በሕይወት አለች ማለትም ነው።

«በይ ስጭኝ!» አሉ እማማ ማሬ።

በዚህ ጊዜ ቴታ ከሳሎን ተጣሩ። ቴታ ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ያን ቀን ግን በኃይል ነበር የጠሯት። ዓይናዲስ «ቆዩኝ እማማ፣ አሮጊቷ እየጠሩኝ ነው» አለችና ስልኩን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ሮጠች። መጠራቷን እንደ ምሕረት ነው የቆጠረችው።

ቴታ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለዋል። ካሉበት አልጋ የወጥ ቤቱ በር ይታያል። ዓይናቸው እንደዚያ ጥርት ብሎ አይታው አታውቅም።

«ልጅቷን ለምን ታቆሚያታለሽ?» አሏት በዐረብኛ።

«የትኛዋን ልጅ ቴታ?»

«ጓደኛሽን ነዋ። በሩ ጋ የቆመችውን። ወንበር ስጫት እንጂ፣ እግሯን ያማታል።»

ቴታ ሽታዬን ያውቋታል፤ እሁድ እሁድ ዓይናዲስን ልትወስድ ስትመጣ እጃቸውን ትስማቸው ነበር። መሞቷን ግን የነገራቸው የለም። ዓይናዲስ ቀስ ብላ ዞራ አየች። በሩ ባዶ ነው፤ የወጡ እንፋሎት ብቻ ይወጣል።

«እሺ ቴታ» አለቻቸው። ውሃ አጠጣቻቸው፣ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለች፣ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች።

ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ስልኩ አልተዘጋም። የእማማ ማሬ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ እያወሩ ነው። «እሺ የኔ እናት» ይላሉ፤ ዝም ይላሉ፤ ይስቃሉ፤ «እሱስ እውነትሽን ነው» ይላሉ፤ ደግሞ ዝም ይላሉ። ዓይናዲስ ስልኩን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ «በይ ደህና ሁኚልኝ፣ ፈጣሪ ይጠብቅሽ» አሉና ተዘጋ።

ጎረቤት ገብቶባቸው ከሰው ጋር እያወሩ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ያንን ይዛ ወጡን ጨረሰች። ከዚያ ግን ከሳሎን ወንበር አምጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ለምን እንዳደረገችው ስጠይቃት «ቴታ እንዳይቆጡ ነው» አለችኝ፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኋትም።

ያን ቀን አልቀመሰችውም። በማግስቱ በዕቃ አድርጋ እድላዊት ቤት ወሰደችው። ሽታዬን የሚያውቁ ሴቶች ተሰብስበው ነበር፤ እድላዊት እንጀራ አቅርባ አንድ ላይ በሉ። እድላዊት መጀመሪያ ጎረሰችና «የማሬ እጅ ነው» አለች፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሳ አለቀሰች። ዓይናዲስ ቴታ ስላሉት ነገር ለማንም አልተናገረችም።

ሬሳዋን ወደ አገር ቤት መላክ አልሆነም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እዚያው ቀበሯት። ከመገነዟ በፊት ዓይናዲስ የቀረውን ጸጉሯን ልጎንጉንላት ብላ ለምና ነበር፤ የሆስፒታሉ ሰዎች አልፈቀዱላትም።

ደምለው ፋሲካውም አልፎ እህቱን አላረዳም። አቅም አነሰው። «‹ማን አየ?› ብትለኝ ምን እላታለሁ? አንቺ እስክትመጪ ልጠብቅ» አላት። ዓይናዲስ ኮንትራቷ እያለቀ ስለነበር አላደሰችም። እስከዚያ ድረስ ግን እሁድ በመጣ ቁጥር ሚስኮሉ ይገባል፤ እሷም መልሳ ትደውላለች። ሽታዬ ሥራ ላይ ናት፣ እንግዳ አለባቸው የሚል ምክንያት ታዘጋጃለች። የገረማት እማማ ማሬ እንደ ድሮው አጥብቀው አለመጠየቃቸው ነው። ምክንያቷን ሰምተው «እሺ፣ ስትመቻት» ይላሉ፤ ድምፃቸው የረካ ሰው ድምፅ ነው።

ሰኔ ሲገባ አገሯ ገባች። ከአዲስ አበባ ሲመጣ አውቶቡሱ መጀመሪያ የሚያገኘው አምበርን ነው፤ ደምለው የሚጠብቃት ግን ማርቆስ ነው። አምበር ሲደርሱ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ። ዓይናዲስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። የተወለደችበትን ከተማ እንደ ሌባ ተሸፋፍና አለፈችው።

መርዶው የተነገረው ማለዳ ነው። ደምለው፣ የእማማ ማሬ የንስሐ አባት፣ የዓይናዲስ አባት አቶ መንግስቱና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ሆነው ሄዱ። ዓይናዲስ ከኋላ ነበረች። እማማ ማሬ በር ከፍተው ሲያዩአቸው አልጮኹም። ሁሉንም በየተራ አዩና ዓይናቸው እሷ ላይ ቆመ።

«ብቻሽን መጣሽ?» አሉ።

የንስሐ አባታቸው መጀመሪያ ቃለ እግዚአብሔር ተናግረው ነገሩን አወጡት። እማማ ማሬ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ሲጨርሱ «መቼ ነው?» አሉ።

«በሕማማት፣ ሰኞ» አለ ደምለው።

የእማማ ማሬ ፊት ተፈታ። ፈገግ አሉ ለማለት ይቻላል። «እንግዲያ ሌላ ሰው ነች» አሉ። «ተሳስታችኋል። እኔን እኮ ለፋሲካ አነጋግራኛለች።»

«ዓይናዲስ! አንቺው አይደለሽ ስልኩን የሰጠሻት? ‹አለች› ብለሽ ሰጠሻት፤ አወራን። ‹እማ፣ ቅቤው መንገድ ላይ ሸተት ብሎ ነበር፣ ግን እንደገና አንጥረነዋል፤ አታስቢ› አለችኝ። ስቄ፣ እውነትሽን ነው፣ ማንጠሩ ይሻላል አልኳት።»

ዓይናዲስ ይህን ስትነግረኝ ማማሰያውን ይዛ ቆመች። ያን ቀን የአባቷን ክንድ መያዟን ነገረችኝ። ቅቤው መሽተቱን ለማንም ሰው አልተናገረችም። ለእድላዊትም፣ ለማንም።

«እታለም» አለ ደምለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቅቤ በሙቀት እንደሚሸት አንቺ አትነገሪም። ልጅሽ ናፍቃሽ፣ ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ መልሰሽ ይሆናል።»

«የልጄን ድምፅ አላውቅም?» አሉ እማማ ማሬ። አሁን ተቆጥተዋል። «እሷ ትናገር! ዓይናዲስ ትናገር!»

ሁሉም ወደ ዓይናዲስ ዞሩ። ውሸት እንደማትጨምር ከቤይሩት ስትነሳ ወስናለች። ሆኖም እማማ ማሬ የሰሙትን አልሰሙም ለማለት አፏ አልታዘዛትም።

«እኔ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት አልነበርኩም እማማ» አለች። «ስልኩን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። እዚያ ምን እንደነበረ አላውቅም። ሽታዬን ግን ሆስፒታል አይቻታለሁ። በእጄ ነክቻታለሁ። ሞታለች።»

እማማ ማሬ ረጅም ጊዜ አዩአት። «ነካሻት?» አሉ።

«ነካኋት።»

ያን ጊዜ ጮኹ። ጎረቤቱ በየአጥሩ እየዘለለ መጣ፤ ለቅሶው እስኪመሽ አላቋረጠም። ዓይናዲስ የሽታዬን ልብሶች በሻንጣ አምጥታ ስለነበር አውጥተው አለቀሱባቸው። ለቀስተኞቹ እየተቀባበሉ ሙሾ ሲያወርዱ እማማ ማሬ የልጃቸውን ሻሽ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ሰነባብቶ ለቅሶው ሲበርድ እማማ ማሬ አንድ ነገር ላይ አልመለስ አሉ። የልጃቸው ሞት ከፋሲካ በኋላ ተብሎ እንዲቆጠር ነው የፈለጉት። «ልጄ ፋሲካን ውላለች» ይላሉ። ደምለው ሊከራከራቸው ሞከረ፤ አባ ግን በዓይናቸው ዝም አሰኙት። «በዐቢይ ጾምና በሕማማት ተዝካር አይወጣም» አሉ። «ሙት ዓመቷን የምናወጣው ያው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ቀኑን ያውቀዋል።» ሁሉም በዚህ ተስማማ።

ዓይናዲስ አምበር መኖር አልቻለችም። አጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ ከጓሮ ብቅ ባለች ቁጥር እማማ ማሬ ከወዲያ ማዶ ቆመው፣ አንድ ነገር ትነግራቸው ይመስል ያዩአታል። ወደ ማርቆስ መጥታ ምግብ ቤቱን ከፈተች። ዶሮ ወጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ ስትሠራ ቁሌቱ ላይ በርበሬው እንደገባ ቤቱን ጥላ ወጣች። እኔን መጥራት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ጊዜ «አንቺስ ምን ታምኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እማማ ማሬ አላበዱም» አለች። «እኔም የሆነውን ነው የነገርኩህ። ከዚያ በላይ ብትጠይቀኝ የለኝም።»

ለሙት ዓመቱ ወጥ እንድትሠራ እማማ ማሬ ራሳቸው ሰው ልከው አስጠሯት። በጣም ፈርታ ነበር የሄደችው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ዳስ ተጥሏል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ። ድስቱ ጉልቻው የማይችለው ትልቅ ስለሆነ በድንጋይ ደግፈው አቆሙት። እማማ ማሬ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ገቡ፤ ማንንም ሳያናግሩ ማማሰያውን ከዓይናዲስ እጅ ወሰዱ፣ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ጨመሩበትና ማማሰያውን አልመለሱም። ዓይናዲስ እሳቱን ትጨምራለች፣ እሳቸው ያማስላሉ። ሁለቱም ዘወር ብለው አላዩም። አባ መጥተው ጸሎት እስኪያደርሱ ድረስ እንዲሁ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ከዚያ ለሰው ማቅረብ ተጀመረ፣ ሥራ በዛ፣ ነዳያንም ገቡ። እማማ ማሬ በልተው ሲነሱ የዓይናዲስን ግንባር ሳሟት።

በቀጣዩ መስከረም እማማ ማሬ አንድ ክፍላቸውን ከገጠር ለትምህርት ለመጡ ሁለት ልጃገረዶች ሰጡ። ዓይናዲስ ስትሄድ ልጆቹን ታገኛቸዋለች፤ ተጫዋቾች ናቸው፣ ቤቱን አሟሙቀውታል። ከሁለቱ ሂዊ የምትባለዋን እማማ ማሬ አንዳንዴ «ሽታዬ» ብለው ይጠሯታል። ልጅቷ መጀመሪያ ሰሞን «ሂዊ ነኝ እማማ» እያለች ታርማቸው ነበር። አሁን «አቤት» ብላ ትሄዳለች።